«ከቆመለት መካን አይባልም» ያለው ሰውዬ

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ትናንት የጫት በርጫ ላይ አንድ ትልቅ ሰው «ወንድ ከቆመለት መካን አይባልም፣ ልጅ ከጠፋ ሴቲቱ ትታይ» አለ። ቤቱ ሙሉ ወንድ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ ሚስቱን አራት ዓመት ሐኪም ቤትና ጸበል ሲያመላልስ እሱን «ተመርመር» ያለው የለም። ሲመረመር ችግሩ የሱ ሆኖ ተገኘ። አቦ አይሰለቻችሁም?

ከዚራ፦ ሰውዬው እኔ ነኝ። የበርጫ ወሬ እዚህ አምጥቶ መዘርገፍ ነውር ነው። አባቴ ዘጠኝ ወለደ፣ እኔ አምስት፤ ማናችንም አልተመረመርንም።

ነጭ ጋዋን፦ ጋሼ፣ ጣጣው ያ «ከቆመለት» ያልከው ነው። መቆም የደም ሥርና የነርቭ ጉዳይ ነው፤ ስፐርም የሚሠራው ቆለጥ ውስጥ ነው። ፈሳሹ ራሱ አብዛኛው ከሌላ ዕጢ ስለሚመጣ አንድም ስፐርም የሌለው ሰው ምንም ላይታወቀው ይችላል። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም እጅ አለበት።

ከዚራ፦ ጋሼ ያልሽኝ የሸገር ልጅ ነሽ መሰለኝ፤ ድሬ ላይ ጋሼ የለም። ግማሹ የወንድ ከሆነ ግማሹ የሴት ነው። ታዲያ ምኑን ተሳሳትኩ?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ «ሴቲቱ ትታይ» እንጂ «ሁለቱም ይታዩ» መቼ አልክ?

ለገሃር፦ ዋናውን ሸሻችሁት። ጫቱስ?

ከዚራ፦ መጣ ሰባኪው! ሐረርጌ ቅሞ አልወለደም?

ነጭ ጋዋን፦ በጫት ላይ ጥናቶቹ አንድ ቃል አይደሉም። የመን ውስጥ የቃሚዎች ስፐርም ተዳክሞ ታይቷል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ የጫት ንጥረ ነገር የአይጥ ስፐርም አነቃቅቷል። ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ሲጋራ ግን ይጎዳል። ሙቀትም እንደዚያው፤ ቆለጥ ከሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት።

ባጃጅ፦ ሙቀት ካላችሁማ ድሬ በሙሉ መክኗል! ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጬ ሦስቱን ልጆች ማን ወለደልኝ?

ከዚራ፦ እሱን ሚስትህን ጠይቃት።

ባጃጅ፦ አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ሰብስብ!

ነጭ ጋዋን፦ የአየሩን አላልኩም፣ የገላን ነው። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ወባ ወይ ደንጊ ያተኮሰው ሰው ውጤቱ ከወራት በኋላም ዝቅ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ምርመራው የሚደገመው።

ከዚራ፦ ይደገማል? ወንድምህ ስንቴ ተመረመረ?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ሁለቴ። በ1 ሚሊ ሊትር 3 ሚሊዮን ስፐርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የታችኛው ወሰን 16 ሚሊዮን ነው። ቫሪኮሲል የሚሉት የቆለጥ ደም ሥር እብጠት ነበረበት፣ ኦፕሬሽን ተደረገ። ሚስቱ ግን እናቷ ቤት ከገባች ቆየች።

ከዚራ፦ ሕክምና ካለውማ መካን አይደለም። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

ነጭ ጋዋን፦ «ከቆመለት» አልክ!

ከዚራ፦ ቆሞለት የለ እንዴ?

ለገሃር፦ ወላሂ እናንተ አታልቁም። የዛሬው በርጫ የማን ቤት ነው?