የሕፃን የወሊድ ጉዳት ሆስፒታልን ይመዝን?

መነሻ፦ በወሊድ ጊዜ የተጎዱ ሕፃናት ቁጥር ከ1000 ስንት እንደሆነ የሆስፒታሎች መመዘኛ ይሁን፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ አለ። ትደግፋላችሁ?

የጥራት ክፍል፦ እደግፋለሁ። የእናት ሞት ሲሆን ሁሉም ይደነግጣል፤ ራሱ አብጦ ወይ ክንዱ ተንጠልጥሎ ቤቱ የሚገባውን ልጅ ግን የሚቆጥረው የለም። አሜሪካ ውስጥ ኤኤችአርኪው የተባለው የመንግሥት ተቋም ከታካሚ ደኅንነት መለኪያዎቹ አንዱ አድርጎታል። እኛን ምን ያግደናል?

አዋላጅ (ሪፈራል ሆስፒታል)፦ ሪፈር ነዋ! ጤና ጣቢያ ስትገፋ ሰዓታት ቆይታ፣ የሕፃኑ ራስ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ የምትመጣ እናት አለች። ጉዳቱ በእኛ መዝገብ ይገባል፣ የላካት ዜሮ ሪፖርት ያደርጋል። በዚህ ሂሳብ አንደኛ የሚወጣው ከባዱን ሁሉ ወደ ሌላ የሚገፋ ተቋም ነው።

የሕፃናት ሐኪም፦ ሲስተር ያሉት ልክ ነው፤ ሪፈሩን ግን ለይቶ መመዝገብ ይቻላል። የባሰው፣ «ጉዳት» ብለን ምኑን ነው የምንቆጥረው? ሴፋልሄማቶማ (በራስ ቅል አጥንትና በሽፋኑ መካከል የሚጠራቀም ደም) ከአንድ አጥንት ወሰን አያልፍም፣ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። የክላቪክል (የማጭድ አጥንት) ስብራት በጥሩ እጅም ይደርሳል፣ ያለ ጄሶ ይድናል። ሰብጋሊያል (ከራስ ቆዳ ሥር ሰፊ ቦታ ላይ የሚፈስ ደም) ግን ሌላ ነው፤ ደሙ የራስ ቅሉን መገጣጠሚያዎች ተሻግሮ እስከ ጆሮና ማጅራት ይወርዳል። የ3 ኪሎ ሕፃን ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የራሱ ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር በጨመረ ቁጥር 40 ሚሊ ያህል ፈሷል ተብሎ ይገመታል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ግማሽ ደሙ ሄዷል ማለት ነው። እነዚህን በአንድ ደምሮ ቁጥር ማውጣት ትርጉም የለውም። ደግሞ ክላቪክሉን ሳይዳብስ፣ ሞሮ ሪፍሌክሱን (ሲደነግጥ ሁለቱን ክንዶች መዘርጋቱን) ሳያይ፣ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ የሚያሰናብት ተቋም ምንም አይገኝበትም።

በነገራችን ላይ የጥራት ክፍል «ክንዱ ተንጠልጥሎ» ያለውን አሜሪካኖቹም አይቆጥሩትም፤ የክንድ ነርቭ ጉዳትን ከመለኪያው ያስወጣሉ።

የመረጃ ክፍል፦ በዓመት 3000 የሚያዋልድ ሆስፒታል፣ ከ1000 4 ብንል 12 ጉዳት ይኖረዋል። አሠራሩ ሳይለወጥ በአጋጣሚ ብቻ አንዱ ዓመት 6፣ ሌላው 20 ሊሆን ይችላል። በዚህ ቁጥር ሆስፒታሎችን ደረጃ ማውጣት ቀልድ ነው።

የማህፀን ሐኪም፦ ውጤቱ ከወዲሁ ይታወቃል፣ ቫኪዩም (ሕፃኑን ራሱ ላይ በሚጣበቅ ካፕ ስቦ ማዋለድ) ይቀራል። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ስሙን ፈርቶ ኦፕራሲዮን ያስገባታል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ እናቲቱ ግን ለቀጣዩ እርግዝና ጠባሳ ይዛ ትመጣለች።

የጥራት ክፍል፦ ዶክተር፣ በወጉ ይሠራ እንጂ ይቅር አላልኩም። ካፑ ከኋለኛው እርግብግቢት 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ መሐል ለመሐል ይቀመጣል። ጠርዙ የእናት ሥጋ አለመያዙ በጣት ይዳሰሳል፣ ግፊቱ ከ600 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አያልፍም፣ ጉተታው ከምጡ ጋር ብቻ ነው። በ3 ጉተታ ካልወረደ ወይ ካፑ 2 ጊዜ ከተላቀቀ ይቆማል። መዝገቡ ግን «ቫኪዩም» ብሎ ያልፋል። ስንቴ ተጎተተ? ስንቴ ተላቀቀ?

አዋላጅ፦ እሱን የምንለካ ከሆነ ተስማምቻለሁ። የሕፃኑ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው መሰማቱም ይታይ። ትከሻ ሲይዝ የማህፀኑን አናት መጫን መቅረቱም እንዲሁ፤ የሚጫነው ከብልት አጥንት በላይ ነው። ሪፈር መጣች አልመጣች፣ እነዚህ የእኛ ናቸው።

የሕፃናት ሐኪም፦ ሂደት ብቻ ከተለካ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ከወሊድ በኋላ ይሞላል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ውጤት ይጨመር፦ ስትገባ የልብ ምቱ የተሰማ፣ 2500 ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ምጥ ላይ ወይም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተ ሕፃን። ሰብጋሊያልም ለብቻው፣ በቫኪዩም ለተዋለዱት ቁጥር ተካፍሎ።

አዋላጅ፦ «ስትገባ አልተሰማም» ብሎ መጻፍ ማን ይከለክላል?

የመረጃ ክፍል፦ ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማና ያለ ሰዓት «አልተሰማም» የተባለ ሁሉ እንደተሰማ ይቆጠር። ባዶ የተተወውም ጭምር።