ለ30-06 የማግነም ፕራይመር ብጠቀም ችግር አለው?

የኮሎራዶው፦
ሰላም ወገኖች። ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን የራሴን ጥይት ቤቴ ውስጥ እሞላለሁ። ጠመንጃዬ ሬሚንግተን 700 ነው፣ የሚተኩሰው ጥይት ዓይነት 30-06። የጥይት መሙያ መመሪያው ለአይኤምአር 4350 ባሩድ ሲሲአይ 200 ፕራይመር ይላል፤ ፕራይመር ማለት ቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀምጦ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ነው፣ 200ው መደበኛው ነው። ሱቅ ያለው ግን 250 ብቻ ነው፣ ማግነሙ። አንዱ ጓደኛዬ «ማግነም ከሆነማ ጉልበት ይጨምርልሃል» አለኝ። ሌላው የትልቅ ሽጉጥ ፕራይመርም ይሆናል ባይ ነው። ለካሁት፣ ስፋቱ እኩል ነው። ያንኑ ጥይት በኤም1 ጋራንዴም (በባሩዱ ጋዝ ራሱ የሚያጎርስ የድሮ የጦር ጠመንጃ) ልተኩሰው አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ባሩድ፦
ወንድሜ፣ የሽጉጡን ነገር እርሳው። ስፋታቸው አንድ ነው፣ 0.210 ኢንች። የሽጉጡ ፕራይመር ቁመት ግን አጠር ይላል፣ ቆርቆሮውም ስስ ነው። የ30-06ን ግፊት አይችልም። መርፌው የመታው ቦታ ላይ ከተበሳ ጋዙ ወደ ዓይንህ ነው የሚመጣው። መነጽር ታደርጋለህ አይደል?

ማግነም የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። ጉልበቱ ያለው ባሩዱ ላይ ነው። የማግነም ፕራይመር ነበልባሉ ይበረታል። ብዙ ባሩድ ለሚይዝ ቀለህ፣ ቶሎ ለማይቀጣጠል የቦል (ድቡልቡል ፍሬ ያለው) ባሩድ፣ ለከባድ ብርድ ነው የተሠራው። 4350 በ200ው በደንብ ይነሳል። በዚያው የባሩድ መጠን 250 ብታስገባ ግፊቱ ከፍ ሊልብህ ይችላል። ብትጠብቅ ይሻላል። ካልሆነልህ መመሪያው ላይ ወዳለው መነሻ መጠን ወርደህ ቀስ እያልክ ውጣ። ሽሮ አይደለም፣ ቀምሰህ አታስተካክለውም። የፕራይመሩ ጠርዝ ከተደፈጠጠ ወይ ቦልቱን (የጠመንጃውን መዝጊያ) ማንሳት ከከበደህ እዚያው አቁም።

እኔን ያስደነገጠኝ የጋራንዱ ነገር ነው። 4350 ለጋራንድ በጣም ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ነው። ጋዙ በርሜሉ ጫፍ ያለችው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ገና አልበረደም። ኦፕሬቲንግ ሮዱን፣ ጋዙ ገፍቶት ቦልቱን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ያጎብጥብሃል። ለሱ በ4895 ባሩድ ለብቻው ሙላ፣ ሳጥኑ ላይም ጻፍበት።

ፕራይመሩም ይለያል። የጋራንድ መርፌ ወደ ኋላ የሚይዘው ስፕሪንግ የለውም። ቦልቱ ሲዘጋ መርፌው ተንሸራቶ ፕራይመሩን ነካ ያደርገዋል። ተኩስ መለማመጃው ላይ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አዙረህ አንድ ጥይት አጉርስ። ሳትተኩስ አውጣና ቂጡን እየው። መሃሉ ላይ ትንሽዬ ጠባሳ አለች። ፕራይመሩ ስስ ከሆነ ወይ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ምላጩን ሳትነካ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሲአይ 34 የሚባለው ፕራይመር የተሠራው ለዚህ ነው። ግን ነበልባሉ የማግነም ነው፣ አሁንም ከመነሻው መጠን ጀምር።

ሚኒሶታ፦
የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ። ዊንቸስተር ደብሊውኤልአር የሚባለውን ፕራይመር ብታገኝ ማሸጊያው ላይ ለመደበኛም ለማግነምም ይላል። እሱም ቢሆን የራሱን ሙከራ ይፈልጋል። ፕራይመር ቀይረሃላ! ጣትህን ደግሞ በየቀለሁ ቂጥ ላይ አሳልፍ። ፕራይመሩ ትንሽ ገባ ማለት አለበት።

የኮሎራዶው፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የጋራንዱን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። 200ው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሲመጣ በብዛት ልገዛ ነው፣ 2020 ላይ ፕራይመር የሚባል ነገር ከገበያ ሲጠፋ አይተናል። ቦታ እንዳይፈጅ ጠርሙስ ውስጥ ባጠራቅመው ምን ይሉኛል?

ጋሽ ባሩድ፦
በጭራሽ! አንዱ ከተነሳ ሁሉም አብሮ ነው የሚፈነዳው። ፋብሪካው ለያይቶ የደረደረው በምክንያት ነው። ከነሳጥኑ፣ ደረቅ ቦታ፣ ልጆች የማይደርሱበት።