ቦቢ የሚሸናው የባሌን ጎን ብቻ ነው፣ ውሻ አልጋ ላይ ይተኛ ወይስ አይተኛ?

ሰኒ ጀሞ፦
ሰላም ግሩፕ፣ እባካችሁ ሳትስቁ አንብቡልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለነው። ቦቢ የሚባል ወንድ ውሻ አለኝ፣ ሶስት አመቱ ነው፣ ቡችላ ሆኖ ነው ያመጣሁት፣ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው ማታም እግሬ ስር አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። ካደገ ወዲህ አንድም ቀን ቤት ውስጥ ሸንቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሶስት ሳምንቱ አልጋዬ ላይ መሽናት ከጀመረ። መጀመሪያ አንሶላ ቀየርኩ፣ ከዛ ብርድ ልብሱ፣ አሁን ፍራሹ ውስጥ ገብቷል፣ በበረኪና ታሸ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ መታው፣ ጠረኑ ወይ ፍንክች። ባሌ ዛሬ ጠዋት "ወይ እሱ ወይ እኔ" ብሎኝ ወጣ። እናቴ ደግሞ ውሻ አልጋ ላይ አስተኝተሽ ምን ጠብቀሽ ነበር ትለኛለች። እና ምን ይሻለኛል፣ ልምታው፣ ለሰው ልስጠው ወይስ ላሳክመው? ደግሞስ እውነት ውሻ ቤት ውስጥ ማኖር ነውር ነው?

ጌች ፒያሳ፦
ቦቢ ስንት ኪራይ ይከፍላል? ካልከፈለ ባልሽ ይቆይ 😂

አያ ሙሌ፦
እህቴ ነገሩን አታካብጂው። ሽንቱ ላይ አፍንጫውን ደፍቀሽ ሁለት ሶስቴ ማጅራቱን ማለት ነው፣ አይደግመውም። እኛ ስናድግ ውሻ ደጅ ነበር፣ ቀን በሰንሰለት ማታ ይለቀቃል፣ ትራፊውን ይበላል፣ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል አለቀ። ውሻ ምን አገባው ከእርሻ ይባል የለ፣ ከስፖንጅ ፍራሽማ ምን ሊያገባው! ዘንድሮ ቲክቶክ አይታችሁ ፈረንጅ ካልሆንን አላችሁ።

ወለተ ማርያም፦
እኔ ማንንም ለመውቀስ አይደለም ግን ሥዕለ አድኅኖ በተሰቀለበት፣ ጸሎት በሚደረስበት ክፍል ውሻ ሲመላለስ እኔ በበኩሌ ይከብደኛል። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ እንዴት እንደምንጠነቀቅ ታውቃላችሁ። ከበር ውጭ ይሁን ነው የምለው፣ ይጣል አላልኩም።

ጌች ፒያሳ፦
ወለትዬ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ አትሸውጂኝ፣ መጽሐፈ ጦቢት ላይ ልጁ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ማነው የተከተላቸው? ውሻው! ሩፋኤል ሂድ ከዚህ አላለውም። የአልዓዛርንም ቁስል የላሱለት ውሾች ናቸው።

ወለተ ማርያም፦
መንገድ ተከተላቸው እንጂ አልጋቸው ላይ ወጣ ይላል? 😄

ካሊድ ደሴ፦
በኛ በሙስሊሞችም በኩል ነገሩ ሰው እንደሚያወራው ጥቁርና ነጭ አይደለም፣ እንደ መዝሀቡ (የሕግ ትምህርት ቤቱ) ይለያያል። ሻፊዒዎች ውሻ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፣ ምራቁ የነካውን እቃ ሰባት ጊዜ አንዱን በአፈር ታጥባለህ ይላሉ፣ ማሊኪዎች ደግሞ ውሻው በሕይወት እያለ ንጹሕ ነው ይላሉ። ለአደንና ለከብት ጥበቃ የተፈቀደ ነው፣ ዋሻ ውስጥ ለዘመናት የተኙት ሰዎች ውሻም ቁርአን ውስጥ ተነስቷል። ያለ ጉዳይ ቤት ውስጥ ማኖሩን ግን አብዛኛው አይወደውም፣ ሽንቱ ልብስሽን ከነካ ደግሞ አጥበሽ ነው የምትሰግጂው። እኔ ቤት ግቢ ውስጥ አለ፣ ሳሎን ገብቶ አያውቅም፣ እሱም ቅር ያለው አይመስልም።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ክርክሩን ላቋርጥና ሰኒ አራት ጥያቄ መልሺልኝ። ሲሸና ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ ሳያውቀው ነው የሚያመልጠው? ብዙ ነው ወይስ ጠብ ጠብ? ውሃ መጠጣት አብዝቷል? ከሶስት ሳምንት በፊት ቤታችሁ ውስጥ ምን ተቀየረ? በተለይ የመጨረሻዋን አስቢባት።

ሰኒ ጀሞ፦
ዶክተር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ቆሞ ነው፣ አንዴ በአይኔ አይቼዋለሁ፣ እግሩን ብድግ አድርጎ። ትንሽ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ ግን ብዙ ይሆናል በተለይ ቀን። ውሃ እንደወትሮው ነው። የተቀየረው እእእ ባሌ መጣ። አመት ከመንፈቅ ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፣ ፈቃድ ሲመጣ ሳምንት ይቆያል ይመለሳል፣ አሁን ጠቅልሎ ገባ። ሌላ ደግሞ አፍሬ ሳልጽፈው የቀረሁት ነገር አለ፣ የሚሸናው የሱን ጎን ብቻ ነው። ትራሱ ጋ።

ጌች ፒያሳ፦
ወይኔኔኔኔ 😂😂😂 ቦቢ ካርታ አውጥቷል በያ! ባልሽ ሕገ ወጥ ሰፋሪ ሆኖ ነዋ!

አያ ሙሌ፦
እኔ ሰውዬውን ብሆን ያን ቀን ነበር ወይ እሱ ወይ እኔ የምለው። ትራሴ ላይ? ኧረ ወንድ ይሙት።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ሳቁ ይቆየንና፣ ውሻ ቂም ይዞ ሽንት አይሸናም። በቀል የሚመስለው ለኛ ነው። ለሱ አዲስ ጠንካራ የሰው ጠረን የሱ በሆነው ቦታ ላይ መጣበት፣ የራሱን ጠረን ሲጨምርበት ይረጋጋል። ያልተኮላሸ ወንድ ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ ማኮላሸት ብዙዎቹ ላይ ይቀንሰዋል ግን ልማድ ከሆነበት ሙሉ በሙሉ ላያቆመው ይችላል። ከዛ በፊት ግን የሽንት ምርመራ ይደረግለት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ እነዚህ ሁሉ ጨዋ የነበረን ውሻ በድንገት ያሸኑታል። እንስት ሆና ማህፀኗ የወጣላት ብትሆን ደግሞ ተኝታ እያለች የሚያመልጣት ሌላ ጉዳይ ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ለዛ ነው የጠየቅኩሽ።

አያ ሙሌ ደግሞ አፍንጫ መድፈቁን ተውት። ከሸና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብትመታው የተመታበትን ምክንያት አያገናኘውም፣ የሚማረው አንተን መፍራት ነው፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ይበልጥ ይሸናል፣ ተደብቆም ይሸናል። ያኔ ከሶፋው ኋላ ፈልገህ ታገኘዋለህ።

በረኪናውም ይቅር። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ አይንና ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፣ በተዘጋ መኝታ ቤት አደገኛ ነው። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጭነሽ ምጠጪው፣ አትሺው፣ ሲታሽ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዛ አቼቶ ግማሽ በግማሽ በውሃ፣ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት፣ አሳድሪውና ጥረጊው። በረኪናው በደንብ ታጥቦ ሳይወጣ ግን አቼቶ እንዳታስጠጊ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የባሰ ጋዝ ነው የሚወጣው። ከውጭ ሀገር የሚመጣ ዘመድ ካለሽ በኢንዛይም የሚሰራ ማጽጃ አስልኪ፣ እሱ ነው ጠረኑን ከስሩ የሚፈታው። አንቺ አልሸተተኝም ብትይ እንኳ እሱ ይሸተዋል፣ እዛው ቦታ የሚመልሰው ይሄ ነው።

እትዬ አስካለ፦
ልጄ እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ለሕፃን የምናነጥፈውን ላስቲክ ከአንሶላው ስር አንጥፊ። ውሻም ሆነ ልጅ ሽንቱ አንድ ነው። ፍራሽ ዛሬ ስንት ገባ!

ሜሪላንድ ነኝ፦
እትዬ አስካለ ልክ ነሽ፣ እዚህ ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልባስ በዚፕ ይሸጣል ያው ላስቲኩ ነው በዶላር። እኛ ጋ እኮ ክርክሩ ራሱ የለም፣ አፓርትመንቱ ለውሻ በየወሩ ለብቻ ያስከፍልሃል፣ ማስያዣም አለው፣ ምንጣፍ ካበላሸ ይቆረጣል። እና ሀበሻው ሁሉ አልጋው ላይ ነው የሚያስተኛው፣ እናቱ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ብቻ ነው ውሻው ላውንድሪ ክፍል የሚገባው። የኔ እናት ስድስት ወር ቆይታ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ከኔ ይልቅ እሱን እያየች ነው ያለቀሰችው።

የብሎክ ኮሚቴ፦
እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ፣ አልጋው የራሳችሁ ነው፣ ሽኑበት። የኔ ጥያቄ ኮሪደሩ የማን ነው? ጀሞ ነው ያልሽው አይደል፣ እኛ ጋ በአንድ ደረጃ ሶስት ውሻ አለ፣ አንዱም የክትባት ወረቀት አሳይ ሲባል አያሳይም። ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ያውቃል፣ ያኔ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሄደን ሆዳችን ላይ በየቀኑ ነበር የምንወጋው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ፣ ከሰፈር በእግራችን እየተመላለስን፣ እናቴ አንድ ቀን ቢያመልጠው ብላ ሥራ ትታ። እስከ ዛሬ ውሻ ከኋላዬ ሲሮጥ ሆዴን ነው የምይዘው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ላይ የሚደርሰው 99 በመቶው በውሻ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ዓለም በፈረንጆቹ 2030 ከውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው አይኑር ብሎ አቅዷል፣ እኛ ገና ደረጃ ላይ ያለውን ኩስ ማን ያንሳ እያልን እንጣላለን።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ኮሚቴው ክትባቱ ላይ ትክክል ነህ፣ ከሶስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ በየአመቱ ይደገማል። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዛ በቀጥታ ወደ ሕክምና። ሰኒ የትል መድኃኒቱንም አትርሺ፣ አልጋ ላይ የሚተኛ ውሻ ከሆነ ግዴታ ነው፣ ሉካንዳ ቤት የሚጣለውን ጥሬ ሳንባና ጉበትም አትስጪው፣ ከዛ የሚመጣው ትል ሰው ጉበት ላይ እጢ ያወጣል።

ሰኒ ጀሞ፦
ቦቢ ተከትቧል፣ ካርዱ አለኝ፣ ኮሚቴው ይምጣና ይይ!

የቤሩት ልጅ፦
ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስድስት አመት ቤሩት ሰው ቤት ሰርቻለሁ። የማዳም ውሻ አልጋዋ ላይ ይተኛ ነበር፣ እኔ ኩሽና በረንዳ ላይ። እሱ ሲሸና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትቀሰቅሰኛለች፣ አንሶላ ቀይሬ፣ ፍራሽ አገላብጬ፣ እሷ እስክትተኛ ቆሜ እጠብቃለሁ። ውሻው ይታመማል ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ እኔ ጥርሴን ስታመም ፓናዶል። የሚገርማችሁ ውሻውን አልጠላሁትም፣ እዛ ቤት ስገባ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነበር። ውሻ አልጋ ላይ ይተኛ አይተኛ የናንተ ጉዳይ ነው፣ ሰኒ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ "በበረኪና ታሸ" ብለሻል፣ ያሸችው ማናት?

አያ ሙሌ፦
አሁን ገና ወሬ መጣ።

ሰኒ ጀሞ፦
(ትንሽ ቆይቼ ነው የመለስኩት ይቅርታ) አብራን ያለችው ልጅ ናት። አልዋሽም። እኔ አንዴ ነው ያጠብኩት። እሷ ደግሞ ውሻ በጣም ነው የምትፈራው ስለዚህ ሥራ ስንሄድ ቦቢን መኝታ ቤት እንዘጋበታለን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አስራ ሁለት።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
አስራ አንድ ሰዓት?! ሰኒ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪኝም? ያ ቀን የሚበዛው ሽንት ምልክት ማድረግ አይደለም፣ አልችል ብሎት ነው። ድሮስ ማነው ቀን የሚያወርደው የነበረው?

ሰኒ ጀሞ፦
ወንድሜ። ስድስት ሰዓት ላይ ያወርደው ነበር። ባሌ ሲመጣ ቤቱ ይጠባችኋል ብሎ ተከራይቶ ወጣ። አሁን እየጻፍኩ ነው እኮ የገባኝ።

ካሊድ ደሴ፦
ወላሂ ከቦቢ በላይ የተበደለ የለም፣ ባለቤቱ ዘግታበት፣ ባሏ ዝቶበት፣ ጌች ስቆበት።

የቤሩት ልጅ፦
ልጅቷም አለች። ሽንቱን ታጥባለች፣ ውሻው ከዛ በር ቢወጣ ብላ ቀኑን ሙሉ ትሳቀቃለች። እኔ የማዳምን ውሻ አልፈራም ነበር ግን ብፈራ ለማን እላለሁ?

አያ ሙሌ፦
እኔ ሃሳቤን አልቀየርኩም፣ ግቢ የሌለው ሰው ውሻ አይያዝ። አራተኛ ፎቅ ሊፍት በሌለበት ውሻ መያዝ ለውሻውም እስር ቤት ነው። ዱላውን ግን ትቼዋለሁ፣ ዶክተሩ አሳምኖኛል ትንሽ።

ሜሪላንድ ነኝ፦
አያ ሙሌ ይሄኛው ላይ እኔም ካንተ ጋር ነኝ ማለት ነው፣ ግቢ ባይኖርም የሚያወርደው ሰው ከሌለ አለመያዝ። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ለሚያወርድልኝ ሰው እከፍላለሁ፣ ጀሞ የሰፈር ልጅ አይጠፋም፣ ትንሽ ብር ብትሰጪው በደስታ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ባልየውም ይግባበት። ጠዋት ምግቡን እሱ ይስጠው፣ ማታ እሱ ያውርደው፣ ለጊዜው መኝታ ቤቱ ለቦቢ ዝግ ይሁን፣ ሳሎን የራሱ ምንጣፍ ይኑረው። ምርመራውን በዚህ ሳምንት አድርጊ።

ሰኒ ጀሞ፦
አፕዴት። ለልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ አንሶላውን እኔ ነኝ የማጥበው አልኳት። "ማጠቡስ ግድ የለም እትዬ፣ ብቻ እኔ ሳለሁ አይፈታ" አለችኝ። ወንድሜ ቅዳሜና እሁድ ያወርዳል፣ ለሌላው ቀን የታች ቤት ጎረምሳ ተስማምቷል። ባሌ ደግሞ እያጉረመረመ ሰንሰለቱን ይዞት ወረደ፣ አርባ ደቂቃ ሆናቸው አልተመለሱም።

ጌች ፒያሳ፦
ቦቢ አሳልፎ ሸጦታል 😂

የብሎክ ኮሚቴ፦
አልሸጠውም፣ ከመስኮቴ እያየኋቸው ነው፣ የኛ ብሎክ ሰው መሆንሽን አሁን ነው ያወቅኩት። ቦቢ የውሃ ታንከሩ ስር ኩሱን ጥሏል፣ ባልሽ ደግሞ ፌስታል አልያዘም።