የአኩሪ አተር ውህዶችና የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋሳት

ጥያቄ፦ በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኘው ጄኒስቴይን የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋሳት እንዳይባዙ እንደሚገታ አንብቤያለሁ። አባቴ በዚሁ በሽታ ሕክምና ላይ ስለሆኑ ጉዳዩ በእጅጉ ያሳስበኛል፤ ግኝቱ ለታማሚ ሰው ምን ትርጉም እንዳለው ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦ ለአባትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። ጄኒስቴይን አይሶፍላቮን ከሚባሉት፣ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ከሚመስሉ የዕፅዋት ውህዶች አንዱ ሲሆን፣ ታይሮሲን ካይኔዝ የተባሉትን፣ ለሕዋሱ የመባዛት ትእዛዝ የሚያስተላልፉ ኢንዛይሞች እንደሚገታ እ.ኤ.አ. በ1987 ተገልጿል። በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳቱ ሊከፈሉ ሲሉ ባሉበት እንዲቆሙ፣ ከፊሎቹም ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ጎልቶ ከሚገኘው ቤታ ከተባለው የኢስትሮጅን ተቀባይ (የሆርሞኑን መልእክት ከሚቀበል ፕሮቲን) ጋር ይጣመራል፤ እኔ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ምላሽ 2፦ የተባለው ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በቤተ ሙከራ ሕዋሳቱ ላይ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ በአሥራዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ የውህድ ክምችት መለኪያ) ሲሆን፣ አኩሪ አተር በተመገበ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ከጥቂት ማይክሮሞላር እምብዛም አያልፍም፤ አብዛኛውም በአንጀትና በጉበት ተለውጦ ኃይሉ የቀነሰ ነው። ስለዚህ አባትዎ በእንክብል የተዘጋጀውን ጄኒስቴይን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ።

ምላሽ 3፦ ዳይድዜይን የተባለውን ሌላውን የአኩሪ አተር ውህድ ኤኮል ወደተባለ ኢስትሮጅን መሰል ውህድ የሚለውጡት የአንጀት ባክቴሪያዎች በሁሉም ሰው ውስጥ ስለማይገኙ፣ አንድ ዓይነት ምግብ በሁለት ሰዎች ላይ የተለያየ ውጤት ሊኖረው ይችላል።