ባትሪው አዲስ ነው፣ ጠዋት ግን አልነሳ አለ

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቪትዝ ነው የምነዳው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ይልና ዝም። የዳሽቦርዱ መብራትም ይደበዝዛል። ኮፈኑን ስከፍት የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ጎረቤቴ ኮካ ድፊበት ይላል፣ ጋራዥ ደግሞ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ቀይሪ አሉኝ። ማንን ልስማ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ የመኪና ኤሌትሪሻን ነኝ። ሞተሪኖውን ለጊዜው ተዪው። ያ ዱቄት የባትሪው አሲድ ብረቱን ሲበላ የሚመጣ ነው፣ ኮረንቲ እንደልብ አያሳልፍም። ሞተር አጥፍተሽ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቺ፣ ስትመልሺ ግን ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። አለዚያ ፖዘቲቩን ስትፈቺ የብሎን መፍቻው ቦዲ ከነካ ይፈነጥቃል። ጓንት አድርጊ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጪና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺው፣ አረፋው እስኪያቆም። ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቂ። አጥበሽ ካደረቅሽ በኋላ የማሰሪያውን የውስጥ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ። ብዙ ሰው ውጭውን ያሳምርና ዋናውን፣ የባትሪውን እርሳስ (ገመዱ የሚታሰርበትን ጫፍ) የሚነካውን፣ ይተወዋል።

መልስ 2፦ ኮካው ዱቄቱን ሊያነሳው ይችላል፣ ግን እሱም አሲድ ነው፣ ስኳሩም ይጣበቃል። በቤንዚን ማጠብ ግን በጭራሽ! ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

መልስ 3፦ ማሳውን ማንም አላነሳም? ማሳ ማለት ከኔጌቲቭ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው ገመድ ነው፣ ብሎኑ ስር ከዛገ ባትሪ ብትቀይሪም ያው ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካገኘሽ አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጊና ሰው ያስነሳልሽ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ነው። ደግሞ ላቫጆ ስትሄጂ ሞተሩን በፕሬሸር አታሳጥቢ፣ ሶኬቶቹ ውስጥ ውሃ ይገባል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግራሶ የሚቀባው ከማሰሬ በፊት ነው በኋላ? ደብሊውዲ 40ስ?

መልስ 1፦ ካጠበቅሽ በኋላ፣ ከላይ ስስ አድርገሽ። ግራሶ እርጥበት ይከላከላል እንጂ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ቫዝሊንም ይሆናል። ደብሊውዲ 40 ውሃ ያባርራል፣ ግን አይቆይም። ዱቄቱ ቶሎ ከተመለሰ ሞተር አስነስተሽ ባትሪው ላይ ለኪ፦ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ደህና ነው፣ 15 ካለፈ ዲናሞውን (ባትሪውን የሚሞላውን) አሳዪ።