«ፈረቃ»፣ «ጉዛ»፣ «ደቦ»፦ ለከብት አርቢ ጎረቤታሞች የቱ ቃል ይሆናል?

የሳቢያኑ ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦
የቃል ወዳጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሐረማያ በኩል ወተት የሚያመጡልን እናት አንዳንድ ቀን ይቀሩና ጎረቤታቸው ትመጣለች። ሲጠየቁ «ፈረቃው የእርሷ ነበር» ይላሉ። እኔ ፈረቃ የማውቀው የፋብሪካና የትምህርት ቤት ነው። የወተቱ ምን ዓይነት ነው? ደቦ ነው ልበል?

ከሸዋ በር (ሐረር)፦
ደቦ አይደለም። በኦሮምኛ «ፈረቃ አነኒ» ይሉታል፤ የወተት ተራ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሊትር ይዞ በየቀኑ ከተማ መውረድ የመኪና ሒሳብ እንኳ አይመልስም፣ ቀኑም ይባክናል። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ የዕለቱን ወተት እየለኩ ለአንዷ ይሰጧታል፤ ሸጣ ገንዘቡን ለራሷ ታደርጋለች። በማግስቱ ደግሞ ለሌላዋ እንዲሁ። የቅርብ ዘመዱ እቁብ ነው፤ ነገር ግን እቁብ የማያውቀው ጣጣ አለበት። ብር ውሃ አይጨመርበትም፣ ወተት ይጨመርበታል! አንዷ ብታቀጥን ወተቱ አንድ ላይ ስለሚቀላቀል ደንበኛ ፊት የምታፍረው ባለተራዋ ናት። አባል ሲመረጥ ከላሟ ይልቅ የሴትየዋ እጅ የሚታየው ለዚህ ነው።

የድሮ መምህር፦
ደቦና ወንፈልም ባይምታቱ ደስ ይለኛል፤ ጋዜጣው ሁሉንም «መረዳዳት» ብሎ ይገላገላል። ወንፈል ብድር ነው፦ አንድ ቀን ሠርቼልህ አንድ ቀን ትሠራልኛለህ። በደቦ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ቀን የሚቆጥር የለም። በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ ከደቦ ጋር የሚቀራረበው የሥራ ጥሪ «ጉዛ» ነው፤ ድግሱ ግን ጠላ ሳይሆን ምግብና ጫት ነው። በዶንጎራ እርሻ የሚቆፈረው በጉዛ ነው። በየደጁ ታስሮ በማሽላ ቅጠል በእጅ የሚቀለበው የሐረር ሰንጋ ግን ጉዛ አይጠራለትም፤ የቤተሰብ ሥራ ነው።

የሳቢያኑ ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ላም ገደል ገብታ እግሯ ሲሰበርስ? ቅርጫ ይባላል ሲሉ ሰምቼ ተጠራጠርኩ፤ ለእኔ ቅርጫ የፋሲካ ነው።

ከሸዋ በር፦
አይጠራጠሩ፣ እሱም ቅርጫ ነው። እንዲያውም ለከብት አርቢ ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ይኸው ይመስለኛል። የወደቀችው ላም ነፍሷ ሳይወጣ መታረድ አለባት፤ ከሞተች ሥጋዋም ዋጋዋም ቀረ። ጥሪ ይወጣል፣ አራጁ ይሮጣል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈልና ዕጣ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ሥጋ የማያስፈልገው ጎረቤት እንኳ አንድ መደብ ያነሣል፤ ባለላሙን እየደገፈ እንደሆነ ያውቃል። አፎቻ፣ እንደ እድር ያለው የሐረር ማኅበር፣ ቢሆን ለሰርግና ለሐዘን ነው፣ ለላም አይሰበሰብም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እርዱን ስለማይጋሩ መደብ የሚያነሣው የባለላሙ ሃይማኖት ጎረቤት ነው፤ ገደሉ ጋ ገመድ ይዞ የሚደርሰው ግን ሁሉም ነው።

የድሮ መምህር፦
ዋጋውስ? የገበያውን ነው የሚጠይቁት?

ከሸዋ በር፦
የለም፣ ዝቅ ይላል። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ጫቱ እስኪሸጥ ይታገሡታል።