የመሪ ሚስት ቢሮ ይኑራት ወይስ አይኑራት? የደሴ ልጆች ክርክር

ፒያሳ (ጥያቄውን የከፈተው)፦ ሰላም የደሴ ልጆች። ትናንት ከልጄ ጋር በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በር ስናልፍ ሰሌዳውን አነበበችና «አባዬ፣ ስኂን ማን ናት?» አለችኝ። የእቴጌ መነን እናት ናት አልኳት። «መነንስ?» የጃንሆይ ሚስት። ትንሽ ዝም ብላ «ሁሉም የሰው ሚስት ወይ የሰው እናት ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ስድስተኛ ክፍል ናት። መልስ አጣሁ።

ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የጠቅላይ ሚኒስትር ሚስት የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሊኖራት ይገባል ወይ? ስለ አንድ ሰው አይደለም የማወራው። የቀዳማዊት እመቤት ዝናሽ ታያቸው ጽሕፈት ቤት በየክልሉ ትምህርት ቤት ሲያሠራ በቴሌቪዥን አይተናል፣ ሥራው ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ ወንበሩ ነው። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ከላይ እስከ ታች አንብቡት፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለቤት እንዲህ ታድርግ የሚል አንድ መስመር የለም። ሕዝብ አልመረጣት፣ ፓርላማ አልሾማት። እኔ በሕግ እስኪጻፍ ድረስ አይገባትም ባይ ነኝ። በሉ ተነሱብኝ።

የኮምቦልቻው፦ ወንድምዓለም አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ። ልጁ ዛፍ ሥር ከሚማር ክፍል ውስጥ ቢማርለት ማን ሠራው ብሎ የሚያጣራ ወላጅ የት አለ? እኔ በፋብሪካ ፈረቃ እየገባሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ሰባ ሰማንያ ሆነው በአንድ ክፍል ተጣበው ነው የተማሩት። ሕገ መንግሥት ዝናብ አያስጥልም።

ሸዋ በር፦ የኮምቦልቻው፣ ጣሪያውን የጠላ የለም። ትምህርት ቤት የት ይሠራ የሚለው በዕቅድ የሚወሰን ነገር ነው። ስንት ተማሪ አለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፣ መምህሩን ማን ይከፍላል፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ። በእመቤቷ ቢሮ በኩል ሲሆን ግን «እባክዎ እኛም ጋ ይምጡልን» እያልን ደጅ እንጠናለን። መብት የነበረው ስጦታ ይሆናል። ስጦታ ደግሞ ለምን ጎደለ አይባልም፣ እጅ ይነሳለታል እንጂ።

እኔ በጤናው ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ጊዜ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግድግዳ ተቀባ፣ አዲስ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ወለሉን ሌሊቱን ሙሉ ስንፈትግ አደርን። እንግዳው አልመጣም። በማግስቱ መጋረጃው ተፈቶ ተወሰደ።

ሰኞ ገበያ፦ ሃሃሃ መጋረጃውን ወሰዱት?!

ሸዋ በር፦ ወላሂ። ከነብረቱ።

እትዬ መምህርት (ጡረታ)፦ ልጆቼ፣ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል፣ ግን ከቅርባችሁ ጀምሩ። ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ ስትደርሱ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ተደርጎ ተጻፈ። ያንን ውል አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ጣይቱ ናቸው። በ1888 ጣልያን መቀሌ እንዳኢየሱስ ላይ መሽጎ አልበገር ሲል ውሃውን እንያዝበት ብለው ምንጩን ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። ምሽጉን ያስለቀቀው ጥም ነው። ማን መርጧቸው ነበር? ማንም።

ግን መጨረሻቸውንም አትርሱ። ምኒልክ ታመው ሲተኙ አገሩን የያዙት ጣይቱ ነበሩ። በ1902 መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አወረዷቸው፣ ሥራቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ ሆነ። ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ወጡ፣ በ1910 እዚያው አረፉ። ያ ሁሉ ሥልጣን የቆመው በአንድ ሕመምተኛ ትንፋሽ ላይ ነበር። ፒያሳ፣ አንተ ሕግ ይጻፍ የምትለው እሷን ለመገደብ ነው። እኔ ለእሷም መጠጊያ ነው እላለሁ።

ፒያሳ፦ እትዬ ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። ሕጉ ላይ ግን ተስማማን ማለት ነው አይደል?

እትዬ መምህርት፦ አትቸኩል።

የሆጤ ልጅ፦ እትዬ ይቅርታ፣ ያ እኮ ዘውድ ነው። መነን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ከባላቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጭነዋል፣ እቴጌነት ወንበር ነበረው። አሁን ሪፐብሊክ ነን። ርዕሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ቀዳማዊት እመቤት የምንላት ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሚስት ነው። ሳህለወርቅ ዘውዴ ከ2011 እስከ 2017 ፕሬዚዳንት ሆነው አገሪቱን ሲወክሉ እንኳ ማዕረጉ ያው እዚያው ቤት ነበር። ማን ወሰነው? ልማድ። ነገ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ብትመጣ ባልየውን ምን ልንለው ነው፣ ቀዳማዊ ጌታ? የአንጌላ ሜርክል ባል ዮአኺም ሳወር ሚስቱ 16 ዓመት ጀርመንን ስትመራ እሱ ኬሚስትሪውን ነው የቀጠለው፣ ፕሮፌሰር ነው ሰውየው። ሪባን ቁረጥ ያለው የለም። ሪባን መቁረጥ ግዴታ የሚሆነው ሚስት ስትሆን ነው መሰለኝ።

ሰኞ ገበያ፦ ቀዳማዊ ጌታ 😂 ገደልከኝ።

ግን እኔ ከእናንተ ጋር አይደለሁም። ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል። ባልየው ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ሚስት ናት የምትቆመው፣ ደብተሩን የምትይዘው፣ ዱቤ የወሰደውን የምታሳድደው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ስሟ የለም። ሥራ አልሠራችም ልትሉ ነው? የመሪ ሚስትም የራሷን ኑሮ ትታ እንግዳ ስትቀበል፣ ስትጓዝ ትውላለች። አርፋ ብትቀመጥስ መቼ እንተዋታለን? የመንግሥቱ ኃይለማርያም ሚስት ውባንቺ ቢሻው፣ ባሏ አገር ሲገዛ ስንቶቻችን ድምጿን ሰማን? የመለስ ዜናዊ ሚስት አዜብ መስፍን ደግሞ ፓርላማ ገባች፣ ትእምትን (የትግራይ የንግድ ድርጅቶች ስብስብ የሆነውን) መራች፣ «በባሏ ነው» ተባለ። ዝም ብትል ሐሜት፣ ብትሠራ ሐሜት። ቢሮ ስጧትና ሥራዋ ይታይ።

ሸዋ በር፦ የሱቁን ነገር ወድጄዋለሁ፣ እናቴን አስታወስከኝ። ግን ሱቁ የናንተ ነው፣ ኪሳራ ቢመጣ የምትከስሩት እናንተ ናችሁ። አገር የባልና ሚስት ሱቅ አይደለም። የፓርላማ አባል ምርጫ ሲደርስ ትጠየቃለች። ይቺኛዋን ማን ይጠይቃታል? ባሏ?

የኮምቦልቻው፦ እሺ ዋና ኦዲተር ገብቶ ይመርምረው፣ ከየት መጣ የት ገባ ይነገረን፣ ምን ቸገረኝ። ግን ቢሮው ይዘጋ የምትለው ፒያሳ፣ ሐረጎን ወርደህ ና፣ ልጆቹን ላሳይህና ከዚያ ዝጋው።

ፒያሳ፦ ይዘጋ አላልኩም እኮ! ይጻፍ ነው ያልኩት። በአዋጅ ይቋቋም፣ በጀቱ በፓርላማ ይጽደቅ፣ ትምህርት ቤት ይሠራ ከተባለም ከትምህርት ሚኒስቴር ዕቅድ ጋር ይያያዝ። አልፈልግም ሥራዬን እሠራለሁ ያለችም ትተው። አሁን ያለው ደግ ሴት ስትገባ ጥሩ ይሆናል፣ ሌላ ስትገባ ደግሞ እናያለን ነው።

እትዬ መምህርት፦ ከመነን ሳትደርሱ እንዳትተኙ። የአምባሰል ልጅ ናቸው፣ የጃንጥራር አስፋው። በ1903 ተፈሪን አገቡ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከባላቸው ወገን ጋር ተዋግተው ተማረኩ። አጎታቸው ልጅ ኢያሱ አስቀድመው ከሥልጣን ወርደዋል። እዚህ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ፣ አይጠየፍን ያየ ሰው ያንን ቤት ያውቀዋል። ልጅቷ በየትኛው ወገን ታልቅስ? ሚስት ናት፣ የልጅ ልጅም ናት። ይሄንን በአዋጅ የሚጽፍ የለም።

በኋላ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት አቆሙ። ሴት ልጅን አስተምሩ ማለት ብርቅ በሆነበት ዘመን ነው። ደርግ ስሙን የካቲት 12 አለው። የእናታቸው ስም እዚህ ደሴ በሩ ላይ ቀርቷል።

ፒያሳ፣ አንድ ነገር ልቆጣህ። ስኂንን «ናት» አትበል። ወይዘሮ ስኂን ናቸው።

ፒያሳ፦ አጥፍቻለሁ እትዬ። ልጄ አሁን አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። «ራሳቸውስ ምን ነበሩ?» ብለሽ ጠይቂ ብያት፣ እሷ ደግሞ አንተ ጠይቅልኝ አለች።

እትዬ መምህርት፦ ቅዳሜ ይዘሃት ና፣ ቡና አፈላለሁ። ወይም እሷን አድርሰህ አንተ ተመለስ። ታቋርጠኛለህ።